የጎደለው አራት ሴንቲ ሜትር

ኦክላንድ፣ መጋቢት 7 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ተድላ
አሰላ

ጋሼ፣ ይህ ወረቀት እርስዎንም እማዬንም በጤና እንዲያገኛችሁ ጸሎቴ ነው። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የጻፍኩት እንደሚቆጡኝ ስለማውቅ ነው።

ሥራ አገኘሁ፤ የተማርኩበት ሥራ። ሳን ሊያንድሮ የውሻ ክሊኒክ ውስጥ ወለል ማጠቡን ትናንት ተውኩት። አሁን የቀጠረኝ የእንስሳት በሽታ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ነው። ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ካሉት ኮረብታዎች የዱር እንስሳ እየያዝን ደሙን ቀድተን እንለቀዋለን፤ ደሙ ላቦራቶሪ ይሄዳል። አለቃዬ ዶክተር ሜሪ ትባላለች። ኮንትራቴ ስምንት ወር፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ሥራዬ ካረካቸው ፐርማነንት፣ ቋሚ ሠራተኛ ማለት ነው፣ ይሉኛል፤ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናውንም በእነሱ ድጋፍ እወስዳለሁ። ካልሆነ ወደ ውሾቹ ወለል መመለሴ ነው። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ስማር ስድስት ዓመት የደከምኩበት ነገር በዚህ ስምንት ወር ይለይለታል።

የምንይዘው እንስሳ ብርቱ ነው። ትልቁ መቶ ኪሎ ያልፋል። ጆሮው ስል ነው፣ ሽታ ከሩቅ ይለያል፣ ልጆቹ ከተነኩበት ሰው አይፈራም። ደሙን የምቀዳው እኔ ነኝ፤ እጅሽ ቀላል ነው ይሉኛል።

አብራኝ የምትኖረው ሸዋረጋ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራዋ፣ ማታ ስመለስ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። «ቡትሽን እዚያው! ካርፔቱን አበላሽተሽ ለቤቱ ያስያዝነውን ዲፖዚት ልታስበዪው ነው?» ትለኛለች። ቡቴን ውጭ አውልቄ በእግር ጣቴ እገባለሁ።

እማዬን ሳሙልኝ። ሐኪም ሆናለች ይበሏት።

ልጅዎ የሺሃረግ


አሰላ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለየሺሃረግ

የአባቶችሽ አምላክ መውጣት መግባትሽን ይጠብቅ። ደብዳቤሽ ሚያዝያ 12 ደረሰኝ፤ ሠላሳ አምስት ቀን በመንገድ ቆይቷል። እንደ ልማዴ ሦስት ቀን አሳድሬ ዛሬ እመልሳለሁ። በቁጣም ሆነ በደስታ የተጻፈ ነገር ሦስት ቀን ካላደረ እርማት ይበዛበታል።

ለሥራሽ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ ዜናውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች። ለጸሎት ቡድኗ ሴቶች «ልጄ የአጋዘን ሐኪም ናት» ስትል ሰምቻለሁ። አጋዘን የሚለውን ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት «ሌላ ምን አለ ኮረብታ ላይ?» አለችኝ። እኔም ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት። የእንስሳውን ክብደት ጽፈሻል፣ ጆሮውንና ጠባዩን ጽፈሻል። ስሙን አልጻፍሽም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሳስተምር ስሙን የሚዘል ተማሪ ወይ አያውቀውም፣ ወይ አብዝቶ ያውቀዋል።

መዝገብ መያዝሽን አትርሺ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ ባቄላ በጣሳ ዘርታችሁ እድገቱን እንድትመዘግቡ አዝዤ ነበር። አርባ ሁለት ልጅ የባቄላውን ቁመት ጻፈ። አንቺ ብቻ «ጣሳው አጠገብ ዶሮ ትተኛለች» ብለሽ ጻፍሽ፤ ባቄላሽ ለምን እንደተጫረ ያወቅነው በዚያ ነው። ዛሬም የምልሽ ያንኑ ነው፦ ነገሩን ከመጻፍሽ በፊት አጠገቡ ያለውን ጻፊ።

ከእንስሳው ጋር የተነሣሽውን ፎቶግራፍ ላኪልን። እናትሽ መስቀያ ምስማሩን አስቀድማ መትታለች።

አጎትሽ ተድላ


ኦክላንድ፣ ግንቦት 22 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ጋሼ፣ ለባቄላው ደብተር ከአሥር ዘጠኝ ነበር የሰጡኝ። አንዱን ለምን እንደቀነሱብኝ እስካሁን አልነገሩኝም፤ ሃያ ዓመት ሆነው።

ፎቶው ይኸው። ያነሣችኝ ዶክተር ሜሪ ናት። ከኋላዬ ያለው ደረቅ ሣር የሳን ሆዜ ኮረብታ ነው፤ እዚህ ክረምቱ አልፎ ሁሉም ቢጫ ሆኗል። እንደነገሩኝ መዝገቤን እይዛለሁ። ጓደኞቼ በተሰጣቸው ፎርም ላይ ቁጥር፣ ፆታና ክብደት ሞልተው ይጨርሳሉ። እኔ ከፎርሙ ሌላ ደብተር አለኝ፤ አጠገቡ ያለውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ዛፉን፣ ውኃውን፣ አጥሩን፣ የማን መሬት እንደሆነ። ዴቭ የሚባለው ሹፌራችን «ልብ ወለድ እየጻፍሽ ነው?» እያለ ያሾፍብኛል።

እሑድ እሑድ ሳን ሆዜ ካለው ያማርኛ ጉባኤ እሄዳለሁ። የአሰላው ወንድም ፍቅሬ እዚያ አለ፤ ቤተሰቡን ያውቁታል። ብዙ ይጠይቀኛል።

ስለ እንስሳው ስም ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ። አሁን ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

ልጅዎ የሺሃረግ


አሰላ፣ ሰኔ 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለየሺሃረግ

የሰላም አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን። ፎቶግራፉ ደርሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ፊትሽ ሞልቷል፤ ነጩ ጋዋን ያምርብሻል። እናትሽ በየጠዋቱ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች።

ከመሰቀሉ በፊት ግን በማስመሪያ ለካሁት። ካሁን ቀደም የላክሻቸው አራት ፎቶግራፎች ሁሉ አሥር በአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ናቸው። ይኼኛው አሥር በአሥራ አንድ ነው። ከግርጌ አራት ሴንቲ ሜትር ይጎድለዋል። የቀሩት ሦስት ጠርዞች በማሽን የተከረከሙ ናቸው፤ የታችኛው በመቀስ ነው፤ ወደ ቀኝ በኩል ትንሽ ያዘነብላል፤ ስትቸኩዪ መስመርሽ ድሮም ያዘነብል ነበር።

ተንበርክከሻል፤ ግራ እጅሽ አንድ ነገር ተጭኗል። ከጣቶችሽ መካከል የጆሮ ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ጠጉሩ ሻካራ ነው። አጋዘን እንዳልሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ለእናትሽ አልነገርኳትም። ግምቴን ለማንም አልናገርም፤ ግምት ትምህርት አይደለም። መልሱን ካንቺ እጠብቃለሁ።

አጎትሽ ተድላ


አሰላ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለየሺሃረግ

በያለሽበት ጌታ ይጠብቅሽ። ሐምሌ አለፈ፤ ነሐሴም ደብዳቤ ሳይመጣ እያለቀ ነው። አመመሽ ብዬ ሰጋሁ፤ ሳትታመሚ ዝም ብለሽ እንደሆነ ደግሞ ይበልጥ እሰጋለሁ።

የፍቅሬ ወንድም ጌታቸው ከእህል ነጋዴዎቹ መሃል ቆሞ «የያለምዘውድ ልጅ አሜሪካ ሄዳ እሪያ ታግዳለች፤ ወንድሜ ጽፎልኛል» ብሏል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ እናትሽ ጋ ደረሰ። ፎቶግራፉን ከምስማሩ አውርዳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። «ወገቤን አሞኝ ነው» ትላለች። ወገቧን አላመማትም።

ጌታቸውን አላስተባበልኩትም፤ ምክንያቱም ውሸት ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፦ «እሪያውን ከምን ነው የምትጠብቀው?» አልኩት። አያውቅም። እሱ ባያውቅ አይገርመኝም። እኔ አለማወቄ ግን አሳፈረኝ።

እውነቱ ምንም ይሁን ምን ጻፊልኝ። የሺ፣ ከኔ የምትደብቂው ነገር ቢኖር ምን ዓይነት አስተማሪ ነበርኩ?

አጎትሽ ተድላ


ኦክላንድ፣ መስከረም 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጋሼ ተድላ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረስዎ። ዘመኑ የጤናና የእውነት ይሁንልን። ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶኝ ሦስት ቀን ማሳደር አልቻልኩም።

እንስሳው አሳማ ነው፣ ጋሼ። የዱር አሳማ። ወንድም ፍቅሬ በጉባኤው ፓርኪንግ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «ሲስተር የሺ፣ ፒግ ነው አሉ ቼክ የምታደርጊው? እጅሽን ታጥበሽ ነው የጨበጥሽን?» ብሎ አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ሞተሩን ሳላስነሣ ብዙ ቆየሁ። ፎቶውን የቆረጥኩት ለእማዬ ብዬ ነው። ቆረጥኩት እንጂ መጣሉን አልቻልኩም፤ ቁራጩ መዝገቤ ውስጥ አለ።

«ከምን ነው የምትጠብቀው?» ላሉት መልሱ ይኼ ነው። ክላሲካል የአሳማ ትኩሳት የሚባል በሽታ አለ። ሰውን አይነካም። አሳማን ግን በትኩሳት ያነድደዋል፤ እየተደራረቡ ይተኛሉ፣ ኋላ እግራቸው ይከዳቸዋል፣ ጆሯቸውና ሆዳቸው ይበልዛል። መድኃኒት የለውም። ዘንድሮ ሆላንድ ገብቶ የታመመውም ያልታመመውም ሲገደል ከርሟል፤ ቁጥሩ በሚሊዮን ነው። የጀርመን ጫካ ውስጥ ደግሞ ከከርከሮ ወደ ከርከሮ ይሄዳል። እዚህ አገር ወደ ሃያ ዓመት ሆነው ከጠፋ። ተመልሶ ቢመጣ ማንም ሳያይ የሚገባው በዱሮቹ በኩል ስለሚሆን፣ የእነሱን ደም የምንቀዳው ለዚያ ነው። እኔ ዘበኛ ነኝ፣ ጋሼ። የማታየውን ሌባ የምትጠብቅ ዘበኛ።

ዝም ያልኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ነሐሴ 6 ቀን ከአንድ ሸለቆ የቀዳኋቸው ሦስት ደሞች «አለበት» የሚል ውጤት ይዘው ተመለሱ። መሥሪያ ቤቱ ተሸበረ። ከሸለቆው በታች መቶ አርባ አሳማ የሚያረቡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ግቢያቸው ታገደ፤ ከብቱም ሰውም እንደልቡ አይገባም አይወጣም። እኔና ዶክተር ሜሪ ስንሄድ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። «ልትቆጥሯቸው ነው የመጣችሁት?» አሉን። መቁጠር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። በሽታው ከተረጋገጠ አንድም አይተርፍላቸውም። አሳማዎቹን በስማቸው እየጠራች የምታድግ የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ ያን ቀን ከቤት እንዳትወጣ ከልክለዋታል።

በማግሥቱ ዶክተር ሜሪ ሁላችንንም ሰብስባ «ስለዚያ ሸለቆ ያላችሁን አምጡ» አለች። የሌሎቹ ፎርም ቁጥር፣ ፆታ፣ ክብደት ነው። እኔ ደብተሬን ገልጬ አነበብኩ፦ «ወጥመዱ አጠገብ፣ አርባ እርምጃ ላይ፣ የከብት ውኃ ገንዳ አለ። ጭቃው ላይ የጥጃና የአሳማ ኮቴ ተደራርቧል። ሁለት ጥጆች ተቅማጥ ይዟቸዋል፤ አንዱ አፉ ቆስሏል። የጆሯቸው ምልክት ቢጫ፣ ቁጥሩ 61 እና 64፤ ባለቤቱ ከኮረብታው ማዶ ያለው ከብት አርቢ ነው።»

ዴቭ እንኳ አላሾፈም።

«ምን ልትዪ ነው?» አለችኝ ዶክተር ሜሪ።

«ዶክተር፣ ይህ የከብት በሽታ ሊሆን ይችላል» አልኩ። የከብቱ ተቅማጥ ቫይረስና የአሳማው ትኩሳት ቫይረስ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አሳማ ከታመመ ጥጃ ጋር በአንድ ገንዳ ቢጠጣ የከብቱን ይወስዳል፤ ራሱ ብዙም አይታመም፤ ደሙ ግን በመጀመሪያው ምርመራ የትኩሳቱን ይመስላል። ደብረ ዘይት ተምሬዋለሁ፤ እንደነዚያ ያሉ ጥጆች ግን ያየሁት አሰላ ነው። «ደሙን ለሁለቱም ቫይረስ ጎን ለጎን እንመርምረው፤ የበረታው ይታያል። የጥጆቹም ደም ይቀዳ» አልኩ።

አንዱ ከኋላ ሆኖ «የስምንት ወር ጊዜያዊ ሠራተኛ መጥታ ታስተምረን?» አለ። ዶክተር ሜሪ ዞር ብላ አየችውና «አንተ ገንዳውን አይተኸዋል?» አለችው። አላየውም።

ዱሮቹን እንደገና ለመያዝና ከጥጆቹ ባለቤት ፈቃድ ለማግኘት ሳምንታት ፈጀ። ደሙ ሩቅ ወዳለ ትልቅ ላቦራቶሪ የተላከው ገና ከትናንት በስቲያ ነው። መልሱ ሲመጣ ኮንትራቴ ሊያልቅ ቀናት ይቀሩታል። ከተሳሳትኩ የሽማግሌው አሳማዎች ያልቃሉ፤ እኔም ሰው ሁሉ ፊት በልበ ሙሉነት የተሳሳተች ሴት ሆኜ ወደ ውሾቼ እመለሳለሁ።

እማዬን እንዴት ብዬ ልጋፈጣት? ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ቁራጩን ልላክላት አስቤ ነበር።

ልጅዎ የሺሃረግ


አሰላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሺሃረግ

የእውነት ጌታ እጅሽን ያጽና። ደብዳቤሽ ዛሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደረሰኝ፤ ይህን የምጽፈው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። የሦስት ቀን ሕጌን አፍርሻለሁ፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። የጎረቤታችን ልጅ አክሊሉ ዲቪ ደርሶት ነገ ከአዲስ አበባ ይበርራል፤ ወንድሙ ያለው ሳን ፓብሎ ስለሆነ በእጁ ያደርስልሻል።

ለእናትሽ አነበብኩላት። «አሳማ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ፊቷን አዞረች። ስለ ሽማግሌው ሳነብ ተመለሰች። ስጨርስ «ያቺ ልጅ፣ የሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ አሁንም ከቤት አትወጣም?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «የገንዳውን እንደገና አንብብ» አለችኝ፤ አነበብኩ። «ጥጃውን በሰው አገር አየችው?» አለች። ሦስተኛ ጊዜም አስነበበችኝ። እናትሽን ታውቂያታለሽ።

አሁን የምልሽን በጥንቃቄ አንብቢ። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ እልካለሁ ብለሻል። ይህ ስሕተት ነው፤ በቀይ አስምሬበታለሁ። ባቄላሽ በዶሮ ተጭሮ ከአንድ ጣት በላይ አላደገም፤ ዘጠኝ የሰጠሁሽ ግን ለባቄላው ቁመት አልነበረም። የላቦራቶሪው መልስ የላቦራቶሪው ነው። ያየሽውን መጻፍሽና ያመንሽውን ቆመሽ መናገርሽ ያንቺ ነው፤ እሱ ተፈጽሟል፤ ማንም ሊሰርዘው አይችልም። እኔ የምኮራበት እሱን ነው።

ቁራጩን ላኪ። መልሱ ሳይመጣ ላኪ።

አጎትሽ ተድላ


ኦክላንድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለጋሼ ተድላ

ምስጋና ለአምላካችን ይሁን። አክሊሉ ጥቅምት 12 ማታ በር አንኳኳ። ሸዋረጋ ልጁ ገና ከአውሮፕላን የወረደ መሆኑን ሳታይ «ጫማህን!» አለችው። ምስኪን፣ አሜሪካ እንዲህ ነው ብሎ ካልሲውንም አወለቀ።

ቁራጩን በማግሥቱ፣ ጥቅምት 13፣ ልኬዋለሁ። ይህንን የምነግርዎ ለብቻው በሌላ ፖስታ ስለሚመጣና የፖስታ ቤቱን ማኅተም እንዲያዩልኝ ነው። የላቦራቶሪው መልስ የመጣው ጥቅምት 14 ነው። አንድ ቀን ቀድሜዋለሁ።

የከብቱ ነው፣ ጋሼ! በሦስቱም ደም የከብቱ ቫይረስ በርትቶ ታየ፤ የትኩሳቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። 61 እና 64 ቁጥር ጥጆችም በሽታው ተገኘባቸው። የሽማግሌው ግቢ ተከፈተ። እኔና ዶክተር ሜሪ ወረቀቱን ይዘን ስንሄድ እንደዚያን ቀን አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። አንብበው ሲጨርሱ ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። የልጅ ልጃቸውን ጠሯት፤ እየሮጠች ወጣች፤ መቶ አርባውንም በየስማቸው ልታስተዋውቀኝ ጀመረች። ሠላሳ ሁለት ድረስ ቆምኩላት።

በመመለሻችን ዶክተር ሜሪ መኪና ውስጥ «ፐርማነንቱን ፈርሜዋለሁ» አለችኝ፤ ከዚያም «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ደብተር ይይዛል። ዴቭንም ጨምሮ» አለች። የፈቃድ ፈተናው በሚያዝያ ነው።

ዛሬ እሑድ ወንድም ፍቅሬን ራሴ ሄጄ ጨበጥኩት። «ታጥቤያለሁ፤ አንተስ?» አልኩት።

እማዬ ምን አለች?

ልጅዎ የሺሃረግ


አሰላ፣ ጥር 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለዶክተር የሺሃረግ

ልደቱን ላከበርንበት ጌታ ክብር ይሁን። ሁለቱም ፖስታዎች ደርሰዋል። ማኅተሙን በማጉያ መነጽር አየሁ፤ የፈረንጆቹን ቀን ወደኛ መለስኩት፤ ጥቅምት 13 ነው። ተረጋግጧል። መልስ ያዘገየሁት እናትሽ «ገና እስኪያልፍ ቆይ» ስላለችኝ ነው። ምክንያቱን አልነገረችኝም ነበር።

ቁራጩን አራት ሴንቲ ሜትር ከአንድ ሚሊ ሜትር አገኘሁት፤ በፊት ስለካ አንድ ሚሊ ሜትር ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። ሁለቱን በወፍራም ወረቀት ላይ ገጥሜ በሙጫ አጣበቅሁ። አሳማው ዓይኑን ጨፍኗል፤ ቀኝ እጅሽ መርፌውን ይዟል። የመቀሱ መስመር ስለሚታይ ቀጭን ወረቀት ልለጥፍበት አልኩ። እናትሽ «ተወው፣ ይታይ» አለች። ራሷ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ለገና ቤቱ እንግዳ ሞላ። ጌታቸውም መጣ። ገና ሳይቀመጥ ግድግዳውን አየና «እትዬ ያለምዘውድ፣ ምንድን ነው ይኼ? እሪያ፣ በልደት ቀን?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። እናትሽ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«አዎ፣ እሪያ ነው» አለች። «አንተ ስንት ላም አለህ?»

«አራት።»

«ባለፈው ዓመት ጥጃህ ሲሞት ምን እንደገደለው አውቀሃል?»

«እንዴት ብዬ አውቃለሁ?»

«የኔ ልጅ ከእሪያ ደም የጥጃ በሽታ አውቃለች። አሜሪካኖቹ ያላዩትን ገንዳ አይታ የአንድ ሽማግሌ ቤት ከመፍረስ አትርፋለች። በል አሁን ቁጭ በልና ብላ፤ ስትበላ ደግሞ ቀና ብለህ እያት።»

ተቀመጠ። በላ። ሲወጣ በሩ ጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዘንድሮም ጥጃ እንዳይሞትብኝ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን ከነምልክቶቹ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ጊዜ ስታገኚ መልሺለት።

አሁን ወደ ቆየው ጥያቄሽ። በ1969 ለባቄላ ደብተርሽ ከአሥር ዘጠኝ የሰጠሁት «ዶሮ ትተኛለች» ብለሽ የማን ዶሮ እንደሆነች ስላልጻፍሽ ነው። የሸለቆውን ገጽ ግን ደጋግሜ አየሁት። የጥጆቹ ቁጥር አለ። የባለቤቱ መሬት አለ። የምቀንሰው ፈልጌ አጣሁ።

ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ሰጥቼው አላውቅም። አሥር ከአሥር።

አጎትሽና አስተማሪሽ
ተድላ